«አንደኛ ካልወጣችሁ የላችሁም» ለሚለው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን ብዙ ሰው የተቀባበለው አንድ ጽሑፍ አለ። ሐሳቡ ባጭሩ ይሄ ነው፤ በጎግል ፍለጋ ውጤት ላይ አንደኛ ያልወጣ ገጽ እንደሌለ ይቆጠራል። ስለዚህ ብዙ ሰው የሚፈልጋቸውን ትልልቅ ቁልፍ ቃላት ያዙ፣ አማካይ ደረጃችሁ ሲወርድ የሞት ምልክት ነው ብላችሁ ተነሱ፣ ካስፈለገም ከሌሎች ድረ ገጾች ወደ ገጻችሁ የሚያመራ፣ ጎግል ደረጃ ሲሰጥ የሚያየውን ሊንክ ገዝታችሁ ውጡ፣ ከአስረኛ በታች የቀረውን ገጽ ደግሞ አጥፉት ይላል። ጸሐፊው ነገሩን አሳምረው ነው ያቀረቡት። ከሚሉት ውስጥ እውነትነት ያለውም አለ። መደምደሚያቸው ግን ሰው ይጎዳል። ደክመው የጻፉትን፣ ለሆነ ሰው በትክክል መልስ የሚሆነውን ገጽ፣ ደረጃው 14 ስለሆነ ብቻ የሚያጠፉ ሰዎች አሉ። ዝም እንዳልል ያደረገኝ ይሄ ነው። ስለዚህ ነጥብ በነጥብ ልሂድበት። የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጽሑፉ የሚነሳው ከክሊክ ነው። አንደኛው ውጤት ግማሽ ያህሉን ክሊክ ይወስዳል፣ የቀሩት ፍርፋሪ ይካፈላሉ ይላል።

አንደኛ መውጣት ብዙ ክሊክ እንደሚያመጣ አልክድም። ግን ቁጥሩ ከየት መጣ? በዚህ ጉዳይ ለዓመታት ሲጠቀስ የኖረው ኤኦኤል የተባለው የአሜሪካ የኢንተርኔት ኩባንያ በ2006 ለተመራማሪዎች ብሎ የለቀቀው የፍለጋ መዝገብ ነው። ወደ 650,000 የሚጠጉ ተጠቃሚዎች በሦስት ወር ውስጥ ያደረጉት 20 ሚሊዮን ገደማ ፍለጋ ነበረበት። ሰዎች እሱን ሲተነትኑ አንደኛው ውጤት 42 በመቶ ገደማ፣ ሁለተኛው ደግሞ 12 በመቶ ገደማ ክሊክ እንዳገኘ አዩ። እሺ። ይሄንኑ ቁጥር ገልብጣችሁ አንብቡት። ከግማሽ በላይ የሚሆነው ክሊክ የሄደው አንደኛ ላልወጣ ገጽ ነው።

ደግሞም ያ አማካይ ሁሉንም ዓይነት ፍለጋ አንድ ላይ የጨፈለቀ ነው። አንድሬ ብሮደር የተባሉ ተመራማሪ በ2002 ፍለጋን በሦስት ከፍለውት ነበር። አንደኛው የት መሄድ እንደሚፈልግ አስቀድሞ የሚያውቅ ሰው ፍለጋ ነው፤ «ፌስቡክ» ብሎ ጽፎ ፌስቡክን የሚጫን። ሁለተኛው መረጃ የሚፈልግ ነው። ሦስተኛው የሆነ ነገር ለማድረግ፣ ለመግዛት ወይም ለማውረድ የመጣ ነው። የመጀመሪያው ሰው አንደኛውን ይጫናል፣ አለቀ። እሱ ጋ ሁለተኛ መውጣት ምንም አይጠቅምም፤ እዚህ ላይ ጸሐፊው ልክ ናቸው። ግን እኛ የምንጽፍለት ሰው እሱ አይደለም። የምንጽፈው ጥያቄ ይዞ ለመጣ ሰው ነው፣ የዚህኛው ጠባይ ደግሞ ሌላ ነው።

አንድ ምሳሌ ጠጋ ብለን እንይ። የአንድ ሰው ላፕቶፕ ይበራል፣ ድምፅ ያሰማል፣ ስክሪኑ ግን ጥቁር ሆኖ ይቀራል። ሰውየው በስልኩ ጎግል ላይ ገብቶ ችግሩን እንዳለ ይጽፈዋል። አንደኛው ውጤት የትልቅ ድረ ገጽ ነው። ሪስታርት አድርግ፣ ድራይቨሩን አፕዴት አድርግ፣ እምቢ ካለ ወደ ጥገና ውሰደው ይላል። ሪስታርት አድርጓል። ስክሪኑ ሳይታይ ድራይቨር እንዴት አፕዴት እንደሚደረግ የነገረው የለም። ሁለተኛውም፣ ሦስተኛውም፣ አራተኛውም ያንኑ በሌላ አማርኛ ይደግሙታል። ሰውየው ግን ላፕቶፑ የግድ ያስፈልገዋልና ወደ ታች መውረዱን ይቀጥላል። ዘጠነኛ ወይም አስራ ሁለተኛ ላይ አንድ ግለሰብ የጻፈውን ያገኛል፤ ተጨማሪ ስክሪን ሰክተህ ስትሠራ ከነበረ ዊንዶውስ ምስሉን አሁንም ወደዚያኛው ስክሪን እየላከ ሊሆን ይችላል፣ የዊንዶውስ ቁልፍንና የ«ፒ» ፊደልን አንድ ላይ ተጫንና ምስሉ ወደ ላፕቶፑ እስኪመለስ ምርጫውን ቀይር ይለዋል። ያደርገዋል፣ ይሠራል። ለዚህ ሰው ከዚያ ሁሉ ዝርዝር ውስጥ ዋጋ የነበረው ገጽ አንድ ብቻ ነበር፣ እሱም ከታች ነበር። ሪፖርት ላይ የሚታየው አንድ ክሊክ ብቻ ነው። ጸሐፊው ፍርፋሪ የሚሉት እንግዲህ ይሄንን ነው።

እስከ አስራ ሁለተኛ የወረደ ሰው በአጋጣሚ የመጣ አይደለም። አስር ገጽ አይቶ፣ አወዳድሮ፣ ያልሆነውን ጥሎ የመጣ ነው። የሚያነበውም ከልቡ ነው። አንደኛው ላይ ከሚያርፉት ብዙዎቹ ገና የሚፈልጉትን በቅጡ ያላወቁ ናቸው፤ ከፍተው፣ ሁለት መስመር አይተው ይመለሳሉ። ሁለቱን አንድ «ጎብኚ» ብሎ መቁጠር ይቻላል፣ እኩል ናቸው ብሎ መወሰን ግን አይቻልም።

ቀጥሎ ጸሐፊው ገንዘቡም ያለው አንደኛ ላይ ነው ይላሉ። ብዙ ሰው የሚስማማበት ስለሚመስል እዚህ ላይ ቆም ማለት እፈልጋለሁ፣ ምክንያቱም በቁጥር የተጠና ነገር ነው።

ጥናቱ የተሠራው በፍለጋ ማስታወቂያ ላይ ነው። ማስታወቂያና ተራው (ያልተከፈለበት) ውጤት አንድ እንዳልሆኑ አውቃለሁ፣ ግን የሚጫነው ሰው ያው ነው፣ ዝርዝሩም ከላይ ወደ ታች የሚነበብ ያው ዝርዝር ነው፣ ማስታወቂያ ላይ ደግሞ እያንዳንዱ ክሊክ ግዢ ይሁን አይሁን በግልጽ ይቆጠራል። አሺሽ አጋርዋል፣ ካርቲክ ሆሳናጋርና ማይክል ስሚዝ በ2011 ያሳተሙት ጥናት ያገኘው ይሄንን ነው፤ ቦታው ወደ ታች በወረደ ቁጥር የሚጫነው ሰው ይቀንሳል፣ ከሚጫኑት ውስጥ የሚገዛው ድርሻ ግን ይጨምራል፣ በተለይ ፍለጋው ረዘምና ተለይ ያለ ሲሆን። ከላይ መቀመጥ ሁልጊዜ ትልቁን ትርፍ አያመጣም። የጎግል ዋና ኢኮኖሚስት የነበሩት ሃል ቫሪያን ደግሞ በ2009 የራሳቸውን ድርጅት መረጃ ይዘው ሲጽፉ የገዢው ድርሻ ከቦታ ቦታ ብዙም አይለያይም አሉ። እጅግ ጥሩው ቦታ ላይ 1 በመቶ ከሆነ፣ መጨረሻው ቦታ ላይ 0.95 በመቶ ገደማ ይሆናል ማለት ነው።

ሁለቱ ግኝቶች ፍጹም አንድ አይደሉም። አንዱ ወደ ታች ሲወረድ ይጨምራል ይላል፣ ሌላው ያው ነው ይላል። ሁለቱም ግን «ከአንደኛ በታች ገንዘብ የለም» ከሚለው ጋር አይገናኙም። የላይኛው ማስታወቂያ ለአንድ ክሊክ ብዙ ያስከፍላል፤ ከታች ያለው በትንሽ ይገኛል። ተመሳሳይ ወይም የተሻለ ገዢ በርካሽ እያገኘ ያለ ሰው ለምን በግድ ወደ ላይ ይገፋል? በተራው ውጤትም ቢሆን አንደኝነት ነፃ አይደለም። ጊዜ ይበላል፣ ጸሐፊ ይቀጠርበታል፣ ባለሙያ ይከፈልበታል። ያንን ወጪ ከሂሳቡ አውጥቶ ክሊኩን ብቻ መቁጠር ልክ አይደለም።

ሌላው ነጥባቸው አንደኛ የወጣው ስለሚሻል ነው የሚል ነው። ይሄኛው ከሁሉም በላይ ያሳዝነኛል፣ ምክንያቱም ሰው ደረጃውን እንደ ተማሪ ሪፖርት ካርድ ይዞ በራሱ ችሎታ ላይ እንዲፈርድ ያደርገዋል። በኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ቶርስተን ዮአኪምስና ባልደረቦቻቸው በ2005 ያሳተሙት ጥናት ላይ የሰዎችን የዓይን እንቅስቃሴ እየተከታተሉ የጎግልን ውጤት ቅደም ተከተል ሆን ብለው ቀያይረው አሳዩ። ሁለተኛው ወደ አንደኛ ሲወጣም ሰዎች ከላይ ያለውን አብዝተው ተጫኑ። ማለትም ቦታው ራሱ ክሊክ ይስባል፣ የገጹ ጥራት ሌላ ነገር ሆኖ። በዚህ ላይ በአሜሪካ መንግሥትና በጎግል የሞኖፖሊ ክርክር ላይ በ2023 የጎግሉ ፓንዱ ናያክ ሲመሰክሩ ናቭቡስት ስለሚባል ሥርዓት ተናግረዋል፤ የ13 ወር የተጠቃሚ ክሊክ እያየ ውጤቱን በመደርደር ላይ ያግዛል። ሁለቱን ስታገጣጥሟቸው ከላይ ያለ ገጽ ከላይ በመሆኑ ብቻ የሚያገኘው ጥቅም አለ። ጎግል ይሄንን አድልዎ ለማስተካከል አይሞክርም እያልኩ አይደለም። ግን 14ኛ መሆናችሁ ጽሑፋችሁ ከ13 ጽሑፎች እንደሚያንስ አያረጋግጥም። ዘግይቶ የመጣ ገጽ፣ ማንም የማያውቀው ሰው የጻፈው ገጽ፣ ሊንክ ያልተሰበሰበለት ገጽ፣ ሁሉም ከታች ነው የሚጀምረው።

አሁን ወደ አማካይ ደረጃ። ጽሑፉ ሰርች ኮንሶል (ጎግል ለድረ ገጽ ባለቤቶች ገጻቸው በፍለጋ ላይ ስንት ጊዜ እንደታየና እንደተጫነ የሚያሳይበት መሣሪያ) ላይ አማካይ ደረጃ ከወረደ ድረ ገጹ እየሞተ ነው ይላል። ይሄ የሂሳብ ጉዳይ ስለሆነ በሂሳብ ልመልስ።

አንድ ገጽ አላችሁ እንበል። በአንድ ጥያቄ ብቻ 100 ጊዜ ታየ፣ ሁልጊዜም ሦስተኛ ላይ። አማካይ ደረጃው 3 ነው። ከዚያ ጎግል ገጹን በደንብ ተረዳውና በሌሎች ተዛማጅ ጥያቄዎችም ማሳየት ጀመረ፤ በእነሱ 300 ጊዜ ታየ፣ 23ኛ ላይ። የመጀመሪያው 100 አልተነካም፣ አሁንም ሦስተኛ ነው። አማካዩን አስሉት፤ 300 ሲደመር 6,900 ለ400 ሲካፈል 18 ይመጣል። ከ3 ወደ 18 ወረደ! ግን የጠፋ አንድም ክሊክ የለም። እንዲያውም ከአዲሶቹ ጥያቄዎች ጥቂት ክሊክ ተጨምሮ ሊሆን ይችላል። ገጹ አድጓል፣ ሪፖርቱ ግን የወደቀ አስመስሎታል። አዲስ የሚያድግ ድረ ገጽ ላይ ይሄ ሁልጊዜ የሚያጋጥም ነገር ነው፤ ብዙ ቦታ ለመታየት መጀመሪያ ከታች መታየት አለበት።

ተቃራኒውም ሆኗል። በመስከረም 2025 ጎግል በአንድ ጊዜ 100 ውጤት እንዲታይ የሚያስችለውን መንገድ ዘጋው። ደረጃ የሚከታተሉ ሶፍትዌሮች በዚያ መንገድ ነበር ዝርዝሩን እስከ ታች የሚያነቡት፣ የእነሱም ንባብ እንደ እይታ ይቆጠር እንደነበር ነው የዘርፉ ሰዎች የተረዱት። መንገዱ ሲዘጋ የብዙ ድረ ገጾች የእይታ ቁጥር አሽቆለቆለ፣ አማካይ ደረጃቸው ደግሞ በአንድ ጊዜ «ተሻሻለ»። ማንም ምንም አልጻፈም፣ ማንም ምንም አላረመም። እንግዲህ ይሄ ቁጥር ነው ሰው እንቅልፍ እንዲያጣበት የተመከረው። ማየት የሚገባው በእያንዳንዱ ጥያቄ ላይ ያለው ደረጃና ክሊክ ነው፣ እሱም እዚያው ሰርች ኮንሶል ውስጥ በነፃ አለ።

ትልልቅ ቁልፍ ቃላት ያዙ ስለሚለው ብዙ አልልም። ጎግል ራሱ በየቀኑ ከሚደረጉት ፍለጋዎች 15 በመቶው ከዚያ በፊት ታይተው የማያውቁ ናቸው ሲል ቆይቷል። ያንን የሚጽፍ ሰው መልስ የሚያገኘው ለትልቅ ቁልፍ ቃል ከተጻፈ ጠቅላላ ገጽ አይደለም። በትልልቆቹ ላይ ደግሞ አንደኝነት ራሱ እንደ ድሮው አይደለም። ከላይ ማስታወቂያ አለ፣ ከግንቦት 2024 ወዲህ ደግሞ በአሜሪካ ጀምሮ የኤአይ ማጠቃለያ ተጨምሯል። ፒው የተባለው የምርምር ተቋም በመጋቢት 2025 የ900 አሜሪካውያንን የብራውዘር አጠቃቀም ተከታትሎ ነበር። ሰዎች ማጠቃለያ ባዩበት ጊዜ ከዝርዝሩ ውስጥ አንዱን ሊንክ የተጫኑት 8 በመቶ ጊዜ ነው፤ ባላዩበት ጊዜ 15 በመቶ። «ምንድን ነው?» ለሚል አጭር ጥያቄ አንደኛ ለመውጣት ዓመት ሙሉ የለፋ ሰው መልሱ ከላይ ተነጥቆ ያገኘዋል። ማጠቃለያ የማይበቃው ጥያቄ ያለው ሰው ግን ወደ ታች መውረዱ አይቀርም።

ሊንክ ግዙ የሚለው ላይ ግን ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም። ጸሐፊው ሁሉም ያደርገዋል፣ ማንም አይያዝም ብለው ነው ያቀለሉት።

የጄሲ ፔኒን ነገር እናስታውስ። ትልቅ የአሜሪካ የችርቻሮ ኩባንያ ነው። በ2010 መጨረሻ ግድም በቀሚስ፣ በአልጋ ልብስ፣ በምንጣፍ፣ በብዙ ነገር ፍለጋ ላይ አንደኛ ሆኖ ቆየ። በየካቲት 2011 ኒው ዮርክ ታይምስ ነገሩን አስመረመረና ከማይገናኙ ድረ ገጾች በሺህ የሚቆጠሩ ሊንኮች ወደ ኩባንያው ገጾች እንደተተከሉ አወጣ። ጎግል እርምጃ ወሰደ። ጋዜጣው እንደዘገበው በአንድ ረቡዕ ምሽት አንድ ሰዓት ላይ ኩባንያው በአንድ የታወቀ የሻንጣ ፍለጋ አንደኛ ነበር፤ ሁለት ሰዓት ቆይቶ 71ኛ ሆነ። በሳሎን ዕቃ ፍለጋ ደግሞ ከአንደኛ ወደ 68ኛ። ኩባንያው ስለ ሊንኮቹ አላውቅም፣ አልፈቀድኩም አለ፣ ሥራውን የያዘለትን የኤስኢኦ (ገጾች በፍለጋ ላይ ከፍ እንዲሉ የሚሠራ) ድርጅትም አሰናበተ። ያም ሆኖ የወረደው የኩባንያው ገጽ ነው። በዓመቱ፣ በሚያዝያ 2012፣ ጎግል ፔንግዊን የተባለውን ማሻሻያ አወጣ፤ የሊንክ ማጭበርበርን የሚያጠቃ ነበር፣ ከእንግሊዝኛ ፍለጋዎች 3.1 በመቶ ገደማውንም ነካ። ከዚያ በኋላ የሊንክ ሻጭ ደንበኞች የነበሩ ሰዎች የገዙትን ሊንክ እንዲያነሱላቸው የማያውቋቸውን የድረ ገጽ ባለቤቶች ሲለምኑ ከረሙ።

ጄሲ ፔኒ መደብሮች ነበሩት፣ የታወቀ ስም ነበረው፣ ተቋቁሞ አለፈ። ትንሽ ድረ ገጽ ያለው ሰው ከ1 ወደ 71 ሲወርድ የሚደገፍበት የለውም። በአንድ ቁልፍ ቃል አንደኛ ሆኖ ጎብኚው ሁሉ ከዚያ የሚመጣለት ሰው፣ አንድ ማሻሻያ ሲመጣ በአንድ ሌሊት ባዶ እጁን ይቀራል። በመቶ የተለያዩ ጥያቄዎች ስድስተኛ፣ ዘጠነኛ፣ አስራ አምስተኛ የሆነ ሰው ግን አንዱ ቢወርድበት ሌላው አለው። ጸሐፊው ይሄንን አንድም ቦታ አላነሱትም፣ መነሳት ነበረበት።

የመጨረሻው ምክራቸው ከአስረኛ በታች ያለውን ገጽ ሁሉ አጥፉ የሚል ነው። ለዚህ ሁሉ ምላሽ ያስነሳኝም እሱ ነው።

መጀመሪያ ነገር፣ ከአስረኛ በታች ያለ ገጽ በአንዱ ጥያቄ ነው ከአስረኛ በታች የሆነው። ሰርች ኮንሶል ውስጥ ገጹን ምረጡና የመጣባቸውን ጥያቄዎች ዝርዝር ክፈቱ። ብዙ ጊዜ በሰፊው ጥያቄ 14ኛ ወይም 30ኛ የሆነ ገጽ በሌላ ረዘም ባለ፣ ጥቂት ሰው በሚጠይቀው ጥያቄ ሁለተኛ ወይም ሦስተኛ ሆኖ ታገኙታላችሁ። ገጹን ስታጠፉት ሁለቱም አብረው ይሄዳሉ። ያንን ዝርዝር ስታነቡት ደግሞ ሰዎች በምን ቃል እንደሚጠይቁ ይነግራችኋል፤ እናንተ በርዕሱ ላይ ካስቀመጣችሁት ቃል የተለየ ሊሆን ይችላል። ርዕሱን በእነሱ አነጋገር አስተካክሉት፣ ያልመለሳችሁትን ጥያቄ አንድ አንቀጽ ጨምሩለት፣ ጥቂት ሳምንት ጠብቁ። እንዲህ ያለ ሙከራ አንደኛ የወጣ ገጽ ላይ ማድረግ ያስፈራል፣ አንድ ቃል ስትነኩ የሚወርድ ነገር አለ። 14ኛ ላይ ግን የሚያስፈራ ነገር የለም። እጃችሁን የምታፍታቱት እዚያ ነው።

መጥፋት ያለበት ገጽ የለም አልልም። መረጃው ያረጀና ሰው የሚያሳስት፣ ዓመት ሙሉ በምንም ጥያቄ ያልታየ፣ ማንም ሊንክ ያላደረገው ገጽ ካለ አጥፉት። ሁለት ገጾች ስለ አንድ ነገር እያወሩ እርስ በርስ የሚሻሙ ከሆነ ግን ማጥፋት አያስፈልግም፤ የደካማውን ጠቃሚ ክፍል ወደ ጠንካራው አዋህዱና የድሮውን አድራሻ በ301 (የከፈተውን ሰው በቋሚነት ወደ ሌላ አድራሻ በሚወስደው ትእዛዝ) ወደ አዲሱ አዙሩት። እንዲህ ከሆነ ሌላ ሰው ድሮ ያደረገላችሁ ሊንክ አይሰበርም፣ አድራሻውን ያስቀመጠ አንባቢም «ገጹ አልተገኘም» የሚል ጽሑፍ ላይ አይወድቅም።